የጉንደ ወይኗ እመጫት

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በሁዳዴ ጾም አጋማሽ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ አውቶቡስ እንደ ልብ በሚገኝበት ሰሞን ነው። በሻንጣዬ ውስጥ አንድ ማጉያ መነጽር፣ አንድ የእጅ ባትሪና በደንብ የተተኮሰ ሱፍ ነበር። ማጉያውና ባትሪው ለሥራ ናቸው። ሱፉን የያዝኩት ምናልባት ቴሌቪዥን ከመጣ ብዬ ነው።

ሥራዬ የሥነ ጥበብ ታሪክ ማስተማር ነው፤ በተለይ የሆላንድንና የፍላንደርስን። ፍላንደርስ ዛሬ ቤልጂግ በምንለው አገር ውስጥ ያለ፣ ከሆላንድ ጋር የሚዋሰን ምድር ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋ፣ ዝናብ የማያጣቸውና ሠዓሊ የሚበዛባቸው አገሮች ናቸው። ስለ እነዚህ ሠዓሊዎች ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራ ኖሬ አንዱንም ሥዕላቸውን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የማውቀው ከመጽሐፍና ከፕሮጀክተር ነው። የእኛ ፕሮጀክተር ደግሞ ሁሉን ነገር ያቀላል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ "መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው ሁሉም ፊታቸው ቀይ የሆነው?" ብላ ጠየቀችኝና ስለ ሰሜን አውሮፓ ብርድና ስለ ወይን ጠጅ ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። በኋላ አምፖሉ ሲቀየር ሁሉም ነጡ።

የጉዞው ነገር የጀመረው በስልክ ነው።

"መምህር፣ ተቀምጠዋል?" አለኝ ደስታው። ደስታው በአንድ ወቅት ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ሥዕል የሚያስተምር ጎልማሳ ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፤ አፉ ግን ከልቡ ይቀድማል።

"ቆሜያለሁ" አልኩት።

"ይቀመጡ። ጉንደ ወይን ላይ በእንጨት ሰሌዳ የተሣለ የፍላንደርስ ሥዕል አለ።"

ተቀመጥኩ። የጥንቶቹ የፍላንደርስ ሠዓሊዎች ሸራ ሳይለምዱ በፊት በእንጨት ላይ ነበር የሚሥሉት። በድሮ ዘመን ደግሞ ከባሕር ማዶ ሠዓሊም ሥዕልም ወደ ነገሥታታችን ግቢ ይመጣ እንደነበር ይታወቃል። አንዷ ሰሌዳ ተንከራትታ ጎጃም ብትቀር ምን ይገርማል?

"ግን ቶሎ ይምጡ" አለ ደስታው። "ሥዕሉ ከተሰቀለበት ሊነሳ ነው። ባለቤቱ አልሰጥም ብሏል፤ ካህናቱ ይገባናል ብለዋል። ሁለቱም የሚዳኛቸውን ሰው እየጠበቁ ነው።"

"ማንን?"

"እርስዎን ነዋ። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።"

ለሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ግን ነገሩን ሰምታ ሰምታ፣ "ለማንኛውም ካልሲ ጨምር፣ ጎጃም ይበርዳል" አለችኝ።

ደጀን

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ስንወጣ መልሼ ለበስኩ። የፍላንደርስ ሠዓሊዎች ተራራ ሳያዩ ያደጉ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ከቅዱሳኑ ጀርባ ገደል መሣል ይወዳሉ፤ በምናባቸው የሣሉት ስለሆነ ገደላቸው የተቆረሰ ድፎ ዳቦ ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ ይህን አውቶቡስ ተሳፍረው ቢሆን ኖሮ እያልኩ በመስኮት ቁልቁል አያለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ወይዘሮ የጤፍ ነጋዴ ናት። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ቆይታ ድልድዩን ስንሻገር ገለጠችና፣ "ሥራህ ምንድን ነው ወንድሜ?" አለችኝ።

"ስለ ሥዕል አስተምራለሁ።"

"ትሥላለህ?"

"አይ፣ እኔ አልሥልም። ሌሎች ስለሣሉት ነው የማወራው።"

"ደመወዝ አለው?"

"አለው።"

"ተመስገን ነው እንግዲህ" አለችና መልሳ ጨፈነች።

ደጀን ዳገቱን ወጥተን ስንደርስ የጭነት መኪኖቹ ተደርድረው ሞተራቸውን ያበርዳሉ፤ ሾፌሮቹ ደግሞ ምሳቸውን ይበላሉ። ሽሮ በላሁ። በጾም ደጀን ላይ የሚበላ ሽሮ፣ ሾፌር ስለሚመገበው ነው መሰለኝ፣ እንቅልፍ የማያስወስድ ቃሪያ አለበት። አስተናጋጇን አመስግኜ ተሰናበትኳት።

ደብረ ማርቆስ

ደስታው መናኸሪያ ድረስ መጥቶ አቀፈኝና ሻንጣዬን ነጠቀኝ። "ነገ በጠዋት ተነሥተን ወደ ደጀን እንሄዳለን" አለ።

"ከደጀን እኮ ነው የመጣሁት።"

"አዎ፣ የጉንደ ወይን መንገድ የሚገነጠለው ከደጀን ነው፤ በቢቸና በኩል ነው የሚኬደው።"

"ታዲያ ለምን ደጀን ጠብቀኝ አላልከኝም?"

ትንሽ አሰበና፣ "እናቴ ልታይዎት ፈልጋ ነው" አለ። ይህን ሲሉት ሰው ምን ይመልሳል?

ለእራት እናቱ የተልባ ፍትፍት አቀረቡልን። አንድ ሁለት ጉርሻ እንደበላሁ መምህርነቴ መጣብኝ። የፍላንደርስ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን የሚለውሱት በተልባ ዘይት እንደነበር፣ ሥዕላቸው እስከ ዛሬ እንደ ብርጭቆ የሚያበራው በዚሁ በተልባ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ስሱን ቀለም ይቀባሉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ በላዩ ሌላ ስስ ይቀባሉ።

የደስታው እናት ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ። "ተልባውን ግድግዳ ላይ?"

"ሰሌዳ ላይ፣ እማማ።"

"ጥጋብ ነው" አሉ። "ጦም አያውቁም ማለት ነው።"

ደብረ ወርቅ

በማግስቱ ሚኒባሳችን ደጀን ላይ ቆመች። የትናንቷ አስተናጋጅ በመስኮት አየችኝና፣ "ምነው፣ የረሱት ነገር አለ?" አለች። ደስታው ወደ ሌላ ወገን ተመለከተ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ በጤፍና በስንዴ ማሳ መካከል ይሄዳል፤ አዝመራው ታጭዶ ምድሩ ገለባ ለብሷል፣ ሰማዩ ግን ሰፊ ነው። የሆላንድ ሠዓሊዎች ሸራቸውን ለሦስት ከፍለው ሁለቱን እጅ ለሰማይ ይሰጣሉ። እዚህ ቢመጡ አራተኛ እጅ ይጨምሩ ነበር።

ደብረ ወርቅ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጢማቸው የተንዠረገገ አንድ ሊቅ ተሳፈሩና አጠገቤ ተቀመጡ። መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፤ የአብነት ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። እግዜር ይመስገን ከተባባልን በኋላ ወዲያው ወደ ምርመራው ገቡ።

"የምን መምህር ነዎት?"

"የሥዕል ታሪክ።"

"የየት አገር ሥዕል?"

"የሆላንድና የፍላንደርስ።"

"የእኛን ማን ያስተምራል?"

"የሥራ ባልደረባዬ ነው።"

"እሳቸው የት ተማሩት?"

"እ... ሆላንድ አገር።"

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ይህን አሰላሰሉት። "እሳቸው የእኛን ሆላንድ ተማሩ፤ እርስዎ የሆላንድን እዚህ ተማሩ። መልካም። አይጣሉም ማለት ነው።"

ያበሳጨኝ እውነት መሆኑ ነው። እልህ ይዞኝ ትምህርቴን ከሥሩ ጀመርኩላቸው፤ ሚኒባሱ በሙሉ ያዳምጣል። በመጀመሪያ ፍላንደርሶች ሥዕልን ለቤተ ክርስቲያን ይሥሉ ነበር፤ ቅዱሳኑን ግን ከሰማይ አውርደው በራሳቸው ቤት፣ ከወንበርና ከፎጣ ጋር ያስቀምጧቸዋል። ኋላ በሰሜን በኩል፣ በሆላንድ፣ የሃይማኖት ጠብ ተነሣና ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ወጣ። ሠዓሊዎቹ ሥራ ሲፈቱ ጊዜ ሎሚ መሣል ጀመሩ፣ ላም፣ ዐይብ፣ ደብዳቤ የምታነብ ሴት፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሕዝብ።

"ከመላእክት ወደ ዐይብ!" አሉ መሪጌታ። "በጾም እንዲህ ያለ ነገር አያሰሙኝ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዐይቡ ግን ያምራል?"

"በጣም ያምራል።"

"እንግዲህ እሱም ፍጥረት ነው" አሉና ወደ ራሳቸው ጉዳይ ተመለሱ። "እኔም የምሄደው በሥዕል ነገር ነው። ጉንደ ወይን ላይ አንድ ግትር ድሬሰር እመቤታችንን ከሳል ሽሮፕ ጋር ሰቅሎ ይዟል። እመጫት ናት እንጂ እመቤታችን አይደለችም ይላል። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሊቅ መጥቶ ይለያል ስላሉን እየጠበቅን ነው።"

ደስታው በክርኑ ጎሸመኝ። "ሊቁ እኔ ነኝ" አልኩ።

መሪጌታ ከጫማዬ ጀምረው እስከ ራሴ ድረስ አዩኝ። "ትልቅ አሉኝ እኮ" አሉ።

ጉንደ ወይን

መሪጌታ ወደ ዘመዳቸው ቤት ጎራ አሉ፤ እኛ ወደ ምግብ ቤት። ገና ስገባ በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይቼ በበሩ ቀረሁ። የሆላንድ ገበታ ነው፤ የብር ጽዋ፣ የተቆረሰ ዳቦ፣ ልጣጩ እየተጥመለመለ የተንጠለጠለ ሎሚ። የቀረው ግማሽ በጋዜጣ ተሸፍኗል።

"ምን ሆኖ ነው የተሸፈነው?" አልኩት ባለቤቱን።

"ጾም አይደል?" አለ ተገርሞ። "ከጋዜጣው ሥር ዐይብና ሥጋ አለ። ሰው እያየ ልቡ እየከጀለ ሲቸገር ጊዜ ሸፈንኩት። ለፋሲካ ይገለጣል። ረቡዕና ዓርብም እሸፍነዋለሁ።" ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ "እርስዎ ያውቃሉ አሉ፤ የምን ሥጋ ነው ግን?" አለኝ።

እነዚያ ገበታዎች ላይ የሚሣለው ሥጋ የአሳማ እንደሆነ አውቃለሁ። "የበግ ነው" አልኩ። የሰውን ገበያ ለምን አበላሻለሁ?

ሥዕሉን ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ልቤ ቀዝቀዝ አለ። ከበስተግርጌው በላቲን ፊደል የወር ስም ተጽፏል። ባለቤቱ ታሪኩን ነገረኝ። ድሮ የድንች ዘር ሊያስተዋውቁ የመጡ የሆላንድ ሰዎች ሲመለሱ በር የሚያክል የቀን መቁጠሪያ ለድሬሰሩ፣ ለአያ ይግዛው፣ ትተውለት ሄዱ። እሱም ወር ባለፈ ቁጥር አንዱን ቅጠል እየቀደደ፣ መድኃኒት እንደሚያድል ሰው፣ ለየሰዉ እንደየሥራው አከፋፈለው።

"ደስታው" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "ይህ ካላንደር ነው።"

"ይኼኛው አዎ" አለ ደስታው። "ያኛው ግን በእንጨት ላይ ነው መምህር። በእጄ አንኳኩቼዋለሁ።"

ከምሳ በኋላ የቀሩትን ወሮች እያየን ሄድን። ሥጋ ቤቱ ለጾሙ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ በደጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፋሲካን ይጠብቃል። ከውስጥ የተሰቀለው ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። "ለእንግዳ ብዬ ነው" አለና አዞረልኝ፦ ተገፎ በእንጨት የተንጠለጠለ ግዙፍ በሬ። ሆላንዶች ይህን ሲሥሉ ስለ ሞትና ስለ ሥጋ ለባሽ ከንቱነት እያሰቡ ነው ብዬ ነበር የማስተምረው። ባለ ሥጋ ቤቱ ግን አንድ ቅሬታ ብቻ አለው። "የሣለው ሰው ሥጋ ያውቃል። አጥንቱን እይ፣ ስቡን እይ። ብቻ ሻኛውን የት አደረሰው? አራጁ ሰርቆታል።" የፈረንጅ ከብት ሻኛ እንደሌለው ብነግረው አላመነኝም።

በእድሩ አዳራሽ ደግሞ ጥቁር የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ክብ ሽብሽብ ያደረጉ የሆላንድ ሹማምንት በክፈፍ ተሰቅለዋል። አዲስ የገቡ አባላት የእድሩ መሥራቾች ይመስሏቸዋል። ነጩን ነገር የአንገት ሕመም መደገፊያ ነው ብሎ ያስረዳቸው አያ ይግዛው ነው። በነገራችን ላይ ማንም አልሳቀም፤ ፊታቸው በእውነትም ሰው ለመቅበር የመጡ ያስመስላቸዋል።

መድኃኒት ቤቱ

ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። ቴሌቪዥን ባይመጣም ዳኛ በሹራብ አይቀመጥም።

አያ ይግዛው ሰባ ዓመት የሚሆነው፣ ነጭ ጋዋኑን እስከ አንገቱ የቆለፈ ቀጭን ሰው ነው። በትንሿ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሕፃናት ሚዛን ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ በሳል ሽሮፑ መደርደሪያና በቤተሰብ ምጣኔ ማስታወቂያው መካከል ያቺ ሥዕል አለች። በእርግጥም በሰሌዳ ላይ ናት። ባትሪዬን አበራሁ፣ ማጉያዬን አወጣሁ፣ እስትንፋሴን ያዝኩ።

በማጉያው ውስጥ ጥቃቅን የማተሚያ ነጠብጣቦች ታዩኝ። ሰሌዳው ኮምፔንሳቶ ነው። አያ ይግዛው ወረቀቷን እንዳትቀደድ ለጥፎ በላይዋ ቫርኒሽ ቀብቷታል።

ደስታውን አየሁት። ደስታው ጣሪያውን አየ። ለባልደረቦቼ የተናገርኩት ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ፤ ሳልዋሽ የምናገር ከሆነ አልቅስ አልቅስ ብሎኝ ነበር።

"ጥሩ ዕቃ ናት ወይ?" አለ አያ ይግዛው በተስፋ። መልሴን ሳይጠብቅ የመጠቆሚያ በትሩን አንስቶ ለእናቶች የሚሰጠውን ትምህርት ይሰጠኝ ጀመር። "ይቺ እመጫት ናት። ሕፃኑን እንዴት ደግፋ እንደያዘችው ልብ ይበሉ። ይሄ በፊት ለፊቷ ቀይ ካባ ለብሶ በጉልበቱ በርከክ ያለው ሐኪም ነው፤ ማዘዣ እየጻፈላት ነው። ጨዋ ነው፣ አያፈጥባትም። ከኋላ፣ በአጥሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ወንዙን የሚያዩት ሁለቱ፣ ባሏና አማቷ ናቸው። ሐኪሙ ውጡ ብሏቸው ነው። በዚህ በትንሿ በር የምትታየው ደግሞ ላም ናት። ላሚቱ ለምን በር ዘግታ ከውስጥ ቀረች? ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው የላም ወተት ስለማይሰጥ!"

በበትሩ መደርደሪያውን መታ አደረገ። ይህን ሥዕል ለተማሪዎቼ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። እንደዚህ የተሟላ ማብራሪያ ግን ሰጥቼ አላውቅም።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ሰው ሳይመጣ ልንገረው ብሎ ነው መሰለኝ ፈጠን ፈጠን ብሎ ተናገረ። "የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ ባለቤቴ፣ የዝና፣ ወተቷ እምቢ አላት። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እሷም ታለቅሳለች። ከዚች ሥር አስቀመጥኳት፤ ሌላ ወንበር አልነበረንም። ቀና ብላ አየቻትና፣ 'ይቺ ከቻለች እኔስ ምን አነሰኝ?' አለች። መጣ። እኔ ድሬሰር ነኝ መምህር፤ ወተት በሥዕል እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን መጣ። ከዚያ ወዲያ ከሥሯ ያልተቀመጠች እናት የለችም።" ጋዋኑን ነካካ። "ባለፈው ክረምት የዝና አረፈች። ጠዋት ስከፍት እንዴት አደርሽ እላለሁ። ለማንኛዋ እንደምል እኔም አላውቅም። ከወሰዷት ግን ያንን ግድግዳ ምን ብዬ ልየው?"

ባትሪዬን አጥፍቼ ማጉያዬን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ የእንጨቱ ነገር ከነካላንደሩ ከልቤ ወጣ።

መሪጌታ መጡ፣ ሽማግሌዎች መጡ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶችም በር እስኪዘጋ መጡ። እናቶቹን የምትመራው አትጠገብ የምትባል አንደበተ ርቱዕ ሴት ናት። "ሥዕሏ ከተነሣች እኛም እንነሣለን!" ስትል ሁሉም ጮኹ።

"ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!" አሉ መሪጌታ በትራቸውን መሬት እየመቱ። "ቃሌ አንድ ነው። እመቤታችን ከሆነች ከዚያ ነገር ጎን አትውልም" ብለው ዓይናቸውን ሳያነሡ ወደ ቤተሰብ ምጣኔው ጠቆሙ፤ "ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ካልሆነች የእናንተው ናት፣ እጄን አላነሣባትም። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፤ አክሊል የላት፣ ብርሃን የላት፣ መላእክት የሏት። ይፍረዱ መምህር።"

አትጠገብ ልጇን ክንዴ ላይ አስቀመጠችው፤ እንድራራ ይሁን እንድትጨቃጨቅ እጇ ነፃ እንዲሆን አላውቅም። በዚያው ቅጽበት ሱፌ ከግራ ደረቱ ጀምሮ ሞቅ አለው። ለቴሌቪዥን የተተኮሰው ልብስ ለዚህ ሆነ።

እመጫት ናት ብል ሁሉም ደስ ይለዋል። ስለ ሥጋው አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛው አይከብድም ነበር። ግን አያ ይግዛው እንኳ፣ ጨንቆት ሳለ፣ እንድዋሽለት አልጠየቀኝም።

"እመቤታችን ናት" አልኩ።

አያ ይግዛው ዓይኑን ጨፈነ። ከእናቶቹ አንዷ፣ "እናትክን..." ብላ ጀምራ መሪጌታን አይታ ተወችው።

"ግን ሠዓሊዎቹ አክሊሉን ሆን ብለው ነው ያነሱት" ብዬ ቀጠልኩ። "ሰማይ ቤት ሳይሆን ሰው ቤት፣ ከሰው ወንበር አጠገብ ሊያስቀምጧት ፈልገው። መሪጌታ፣ እስቲ እርስዎ ይቅረቡ። ይህን ሰውዬ ያውቁታል?" ማጉያውን ሰጠኋቸው።

መሪጌታ ጎንበስ አሉ። ቀዩን ካባ አዩ፣ ብዕሩን አዩ። "ይጽፋል... አይ፣ አይጽፍም። ፊቷን እየሣለ ነው!" አሉ። ማጉያውን ወደ ትንሿ በር ወሰዱት። "ይህችም ላም አይደለችም። በሬ ነው። ገጸ ላህም!" ቀና ሲሉ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል። "ሉቃስ ነው! አራቱ ወንጌላውያን በአራቱ እንስሳ ሲመሰሉ የሉቃስ ላህም ነው። እመቤታችንን ሉቃስ እንደሣላት እኛም እንናገራለን፤ እነዚያም ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ። የፍላንደርስ ሠዓሊዎች ማኅበራቸውን በእሱ ስም ነበር የሚጠሩት።"

"ዐይብ ከመሣላቸው በፊት" አሉ መሪጌታ።

"ከዚያ በፊት። መሪጌታ፣ ሉቃስ ከመሣሉ ሌላ ሙያው ምን ነበር?"

"ባለ መድኃኒት ነው እንጂ፤ ጳውሎስ ራሱ ሐኪሙ ሉቃስ..." ብለው አቆሙ። ሽሮፑን አዩ፣ ሚዛኑን አዩ፣ አያ ይግዛውን ከነጋዋኑ አዩት። በጢማቸው ውስጥ ፈገግታ ሲሄድ አየሁ። "አዬ! በገዛ እግሬ አስገቡኝ መምህር።"

"ሐኪም ታዲያ የት ይዋል?" አለች አትጠገብ፤ እልልታው ከዚያ ወዲያ አላስደምጥ አለ።

መሪጌታ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና ብይኑን ራሳቸው ሰጡ። ያ ማስታወቂያ ወደ ማዶው ግድግዳ ይሻገር። ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ በሉቃስ ዕለት፣ አያ ይግዛው ዝክር ያውጣ። ሥዕሏም እንደ ወጉ በንጹሕ መጋረጃ ትሸፈን፤ ለሚያጠቡ እናቶች ትገለጥ።

"ከሸፈናችኋት እኔ ጠዋት እንዴት ላያት ነው?" አለ አያ ይግዛው።

"ገላጩ አንተ አይደለህም እንዴ?" አሉት መሪጌታ። "ማንን ልንሾም ኖሯል?"

አያ ይግዛው ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ የታጠፈ ነጠላ ይዟል፤ ጥበቡ ሰማያዊ ነው፣ ከታጠፈበት ሳጥን የጠጅ ሣር ሽታ አለው። የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ለብሳው ያውቋታል። አትጠገብ ተቀብላው ጥበቡን በጣቷ ዳሰሰችና፣ "እኔ እሰፋዋለሁ አያ" አለች። ይህን ጊዜ እንባዬ መጣ። እርጥብ ልጅ ታቅፌ ስለነበር ማንም አልታዘበኝም።

መመለስ

ለስንብት የድንች ወጥ በልተን፣ በሚኒባስ እስከ ደጀን ከደስታው ጋር ተጓዝን። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነበር፤ ይቅር ያልኩት ግን ቢቸና ሳንደርስ ነው። አስተናጋጇ አሁንም አየችኝ፤ አሁንም ምንም ሳልረሳ ሽሮ በላሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሱፉን አሸተተችና፣ "ምን አገኘህ?" አለችኝ። "ካላንደር" አልኳት። ባልደረቦቼ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳቁብኝ፤ ይገባኛል።

እነዚያ ሠዓሊዎች ሰማይን ወደ ቤት አስገቡ እያልኩ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። አባባሉ ያምራል፣ ተማሪ ይጽፈዋል፣ ፈተና ላይ ይመጣል። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በዚያች መድኃኒት ቤት፣ ከሽሮፑ መደርደሪያ ሥር ነው።

በቀጣዩ ትምህርት ያንኑ ሥዕል በፕሮጀክተሩ ከፈትኩት፤ አምፖሉ እንደገና ሁሉን ያቀላል። የድሮዋ ዓይነት ጠያቂ ተማሪ ዘንድሮም አለች። "መምህር፣ እነዚያ ጀርባቸውን የሰጡት ሁለቱ ሰዎች ማን ናቸው?" አለችኝ። በዚህ ነገር ሊቃውንቱ ብዙ ይባባላሉ፤ በየመጽሐፉ ያሉትን ሁሉ አውቃለሁ።

"ባሏና አማቷ ናቸው" አልኩ። "ሐኪሙ ውጡ ብሏቸው ነው።"

ክፍሉ በሙሉ ጻፈው። እኔም አላረምኩም።